ጥቁር ስክሪን ላይ የምትዞረው ቀስት

ጥያቄ፦ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ሆኜ የቢሮ ኮምፒውተሬን በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ማታ ስገባ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የማውሷ ቀስት ብቻ ትንቀሳቀሳለች። ቀን ስሞክረው ግን ይሠራል። የኢንተርኔት መስመሬን አስቀየርሁ፣ ፕሮግራሙንም ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንሁ። ለውጥ የለም።

መልስ፦ መስመርዎን በከንቱ አስቀይረዋል። ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ራሱ ይነግርዎት ነበር። ግንኙነቱ አለ፤ የጠፋው ምስሉ ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን ምስሉን ማን እንደሚሠራው ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ የቢሮዎን ሞኒተር ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ለእርስዎ ብቻ የራሱን ስክሪን ይፈጥራል። ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ ቪኤንሲና መሰሎቻቸው ደግሞ ለሞኒተሩ የተዘጋጀውን ምስል እየቀዱ ይልካሉ። የሚቀዳ ነገር ከሌለ ጥቁሩን ይልኩልዎታል። ቀን ሠርቶ ማታ እምቢ ማለቱ የሚያስጠረጥረኝም ይህንኑ ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሞኒተርዎን የሚያጠፋ ሰው አለ። ሞኒተር ሲጠፋ፣ በተለይ በዲስፕሌይፖርት ኬብል የተገናኘ ከሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ እንደተነቀለ ይቆጥረዋል። ያኔ ምስል መሥራቱን ይተዋል፤ ወይም እጅግ ዝቅተኛ በሆነ ጥራት ይሠራል።

ይህን በደንብ የማውቀው ስለተቀጣሁበት ነው። አንድ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጥቁር ስክሪን ድራይቨር (ግራፊክስ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) ስቀያይር ሁለት ሌሊት አነጋሁ። በሦስተኛው ቀን በአካል ብሄድ ሞኒተሩ ከቦታው የለም፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰው ይሠራበታል። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ዛሬ ሞኒተሩ በርቶ ይደር። ምስሉ ከመጣ የሚያስፈልግዎ ሐሰተኛ ሞኒተር ነው፤ አውራ ጣት የምታህል የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ናት። ውስጧ ያለችው ቺፕ ግራፊክስ ካርዱን «እኔ 1920 በ1080 የሆንሁ ሞኒተር ነኝ» ብላ ታታልለዋለች፤ እርሱም አምኖ ምስሉን ይሠራል። የቢሮው ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ መዞርም ይቻላል፤ የሆም እትም ግን እንዲህ ያለውን እንግዳ አይቀበልም። ከዞሩም በቪፒኤን፣ ማለትም ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መንገድ በሚያገናኝ መስመር፣ በኩል ይግቡ፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን 3389 የተባለ ፖርት ለኢንተርኔት ገልጦ መተው በርን ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕም ቢሆን አልፎ አልፎ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ኮንትሮል፣ አልትና ኤንድን አንድ ላይ ይጫኑ፤ በዴሊት ፈንታ ኤንድ የሆነው ዴሊት ያለበት ትእዛዝ ከፊትዎ ላለው ኮምፒውተር ስለሚቀር ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ታስክ ማናጀርን ከፍተው ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን እንደገና ያስጀምሩት። ካልሆነ ከመገናኘትዎ በፊት በቅንብሩ ውስጥ ምስሎችን በዲስክ ላይ የሚያቆየውን የቢትማፕ ምርጫ ያንሱት፤ የተበላሸ የቆየ ምስል እየጎተተ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የእናቴን ማክ ከሩቅ ስከፍት ከጀርባ ያለው የአበባ ሥዕል ይታየኛል፤ እርሷ የከፈተቻቸው መስኮቶች ግን አንዳቸውም የሉም። እርሷ ሁሉም ፊቷ እንዳሉ ትምላለች።

መልስ፦ እናትዎ እውነታቸውን ነው። ማክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው የሥርዓቱ እትም ጀምሮ የሌሎች ፕሮግራሞችን መስኮት ያለ ፈቃድ አያሳይም፤ ያልተፈቀደለት የሚያገኘው የጀርባውን ሥዕል ነው። ፈቃዱን መስጠት የሚችለው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው ስለሆነ ስልክ ይደውሉላቸው። በቅንብሮች ውስጥ ስለ ግላዊነትና ደኅንነት የሚለውን ይክፈቱ፤ ከዚያም ስክሪን ስለ መቅዳት በሚለው ሥር የርቀት ፕሮግራሙን ስም ፈልገው ያብሩት። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ካልተከፈተ ፈቃዱ አይሠራም። ያን የሚጠይቅ መስኮት ሲመጣላቸው «በኋላ» የሚለውን እንዳይጫኑ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሁሉም ሰው የሚጫነው እርሱን ነው።