ጥያቄና መልስ፦ በአገር ቤት ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ መሆን ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አገር ቤት በመደበኛ አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቼ ስሠራ ነበር፣ አሁን ኡበር ነው የምነዳው። ሰው ሁሉ «ዲግሪህ እዚህ አይሠራም፣ ከዜሮ ጀምረህ ጄዲ (የአሜሪካኖቹን መደበኛ የሕግ ዲግሪ) ተማር» ይለኛል፣ እውነት ነው? ደግሞ የማውቃቸው ልጆች የአሳይለም (የጥገኝነት) ፎርም ሙላልን ይሉኛል፣ ትንሽ ብር ተቀብዬ ብሞላላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዜሮ ጀምር ያሉህ ተሳስተዋል። እዚህ አገር የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ለብቻው ነው፣ አንዱ ጋ ያልሆነው ሌላው ጋ ይሆናል። እኔ ኒውዮርክን አስብ ነው የምልህ። እነሱ የውጭ ዲግሪን ሲያዩ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቁት፣ በቂ ጊዜ ተምረሃል ወይ፣ የተማርከው ሕግስ ኮመን ሎው፣ ማለትም በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የተገነባው የእንግሊዝና የአሜሪካ ዓይነት ሕግ ነው ወይ። ጊዜው ላይ ችግር አይኖርብህም፣ ግን የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ እንደሆኑ ታውቃለህ፣ ሕጋችን የፈረንሳይ ዓይነት እንጂ ኮመን ሎው አይደለም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ይጎድልሃል። ይሄን ደግሞ እውቅና ባለው የአሜሪካ ሎው ስኩል ክፍል ገብተህ የምትማረው ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ያሟላልሃል። ሁለቱም ለጎደለው ሰው ግን ኤልኤልኤም አይረዳውም፣ በርቀት የተማራችሁ አንባቢዎች ጊዜውም ሊጎድልባችሁ ስለሚችል ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

እባክህ ለኤልኤልኤም አንድ ዶላር ከመክፈልህ በፊት የጥብቅና ፈተናውን (ባር ኤግዛም) የሚሰጠው የኒውዮርክ ባር ፈታኞች ቦርድ ዲግሪህን ይገምግመው፣ ለመፈተን ካሰብክበት ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምር፣ ምክንያቱም ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲህ ሬጅስትራር በቀጥታ ለቦርዱ መላክ አለበት፣ አንተ ጋ ያለው ኮፒ አይሠራም፣ ቢሮው ድረስ እየሄደ የሚከታተልልህ ዘመድ ካለህ ዛሬውኑ ደውልለት። ከዛ ባር ኤግዛሙ ሁለት ቀን ነው፣ ማለፊያው ከ400 266፣ ክፍያው በውጭ ዲግሪ ለሚፈተን 750 ዶላር። የሥነ ምግባር ፈተናም አለ፣ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎትም መስጠት ይጠበቅብሃል። ካሊፎርኒያ ደግሞ አገሩ ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ያለ ኤልኤልኤም ያስፈትናል፣ ፈቃድህ ያልተቋረጠ መሆኑን ግን ማሳየት አለብህ።

ፎርሙ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምነግርህ። ልጁ የነገረህን እንዳለ እንግሊዝኛ አድርገህ መጻፍ አንድ ነገር ነው። «በፖለቲካ ልበል በብሔር፣ የቱ ያዋጣኛል?» ብሎህ መልስ ከሰጠኸው ግን ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር ሰጠህ ማለት ነው፣ ያስጠይቅሃል። ከአንተ በላይ ደግሞ የሚጎዳው ልጁ ነው፣ እዛ ላይ የተጻፈች አንዲት የተሳሳተች ቀን ኢንተርቪው ላይ ካለው ጋር አልገጥም ካለች ውሸታም ነው የሚባለው፣ ሕይወቱ ነው። በዛ ላይ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ያለው የአንድ ዓመቱ የማመልከቻ ጊዜ አለ፣ «ቆይ እሞላልሃለሁ» እየተባሉ ያለፈባቸው ሰዎች አሉ።

ይሄን ሥራ ከወደድከው ሕጋዊ መንገድ አለው፣ የሕግ ዲግሪም አይጠይቅም። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እውቅና የሰጠው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ከሠራህ ድርጅቱ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ወኪል እንድትሆን ሊያመለክትልህ ይችላል፣ ሙሉ ፈቃድ ካገኘህ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ድረስ ቆመህ ትከራከራለህ። የድርጅቶቹ ዝርዝር በየስቴቱ ተከፋፍሎ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ሜሪላንድ የሚለውን ክፈትና አማርኛ የሚችል ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ ብለህ ጠይቃቸው።