ሲቪሽን ከመላክሽ በፊት ዓመተ ምሕረቶቹን እዪ

እህቴ፣ «ኢንቴሪየር ዲዛይን ተምሬ አንድ ቦታም ሠርቻለሁ። ከደብረ ማርቆስ ሆኜ ባሕር ዳር ሦስት ቦታ ሲቪ አስገባሁ፤ አንዱም አልደወለልኝም። ስህተቴ ምን ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። «በርቺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ያሉሽ ልክ ናቸው። ሲቪሽን ግን አያርሙልሽም። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ያንቺም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

1ኛ፦ ኮምፒውተር ቤት ሄደሽ አታስጽፊ። እኔ ሰፈራችን ካለው አስጻፍኩ። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቤት ገብቼ ሳነበው ነው። ለካ የሌላ ደንበኛ ሲቪ ከፍታ ስሙን ብቻ ቀይራ ኖሯል። ከታች «መንጃ ፈቃድ፣ 3ኛ ደረጃ» ይላል። እኔ ባሕር ዳር እየኖርኩ ብስክሌት እንኳ የማልነዳ ሰው ነኝ።

2ኛ፦ ኮምፒውተሩ ቀይ አላሰመረም ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም። «ሳይት ማናጀር» ብዬ ስጽፍ በእንግሊዝኛው መሐል ያለችውን አንዲት «ኤ» ዘለልኳት። የተረፈው ቃል ትክክለኛ እንግሊዝኛ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ትርጉሙ ግን ግርግም ነው፣ የከብት መመገቢያ! ኮርኒስ ለማለት የጻፍኩት «ሲሊንግ»ም ፊደሉ ተሳስቶ «ማሸግ» ሆነ። አፍ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ አይደሉም። ስለዚህ አትሚና ጮክ ብለሽ፣ ከታች ወደ ላይ መስመር በመስመር አንብቢው። እኔ አሁንም እንደዚያ ነው የማደርገው።

3ኛው ነው እኔን ያቃጠለኝ። ዓመተ ምሕረት።

ዲግሪዬ ላይ የምረቃው ዓመት በፈረንጅ ነው፣ 2018። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ነው፤ «ከኅዳር 2011 እስከ ሚያዝያ 2013» ይላል። ሁለቱንም እንዳሉ ገልብጬ አስገባኋቸው። እስቲ እንደማያውቀኝ ሰው ሆነሽ አንብቢው። ይህ ሰው ከ2011 እስከ 2013 ሠራ፣ ከዚያ በ2018 ተመረቀ፣ ከተመረቀ ወዲህ አንድ ቀን አልሠራም! ማስታወቂያው የሚለው «ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት» ነበር። የእኔ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ዜሮ ሆነ ማለት ነው።

ለምን እንደጣሉኝ ልጠይቅ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። የሰው ኃይሏ ሴትዮ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንሥታ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድም፣ ሳትመረቅ ነው ዲዛይነር የሆንከው? ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ከድንጋጤ የተነሣ ምን እንዳለችኝ እንኳ በቅጡ ሳይገባኝ ወጣሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን የታተመበት ማስረጃ እኮ እዚያው ተያይዟል። ገልጣ ብታየው ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ነገሩን የፈታው አባቴ ነው። ሞጣ ለበዓል ሄጄ ሲቪውን አየው። ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አያነብም። ቁጥሮቹን ብቻ በጣቱ እየተከተለ ወረደና፣ «አንተ ልጅ፣ የኛን ዘመንና የፈረንጁን አንድ ገመድ ላይ አሰጣኸው?» አለኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ስለዚህ ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉንም በፈረንጅ አድርጊ፤ ከጎኑም «ጂ.ሲ.» ብለሽ ጻፊ። ስትቀይሪ በጅምላ 8 አትደምሪ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው 7 ይደመርበታል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ያለው ነው 8። የኔ ኅዳር 2011 ኖቬምበር 2018 ሆነ፤ ሚያዝያ 2013 ደግሞ ኤፕሪል 2021። ስምሽም መታወቂያው፣ ዲግሪውና ደብዳቤው ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን እዚያው አረጋግጪ።

ቁጥር መስጠቱን ተውኩት። የቀረው ስለ ሥራሽ ነው። «ኢንቴሪየር ዲዛይነር ሆኜ ሠርቻለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። እኔ ሳስተካክለው እንዲህ አልኩ፦ «46 ካሬ ሜትር ካፌ፤ የወለል ፕላን፣ የኮርኒስና የመብራት ሥዕል፣ የዕቃ ብዛት ዝርዝር፣ የሳይት ክትትል»። አሁን የምሠራበት ቦታ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰውየው ዓይኑ ያረፈው እዚህች መስመር ላይ ነው። «እጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ካቢኔ በምን ሠራኸው?» አለኝ። «ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ በአሉሚኒየም አሠራሁት» አልኩት (ኤምዲኤፍ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ጣውላ ነው)። ከዚያ ወዲያ ስለ ዲግሪዬ የጠየቀኝ የለም።

ሶፍትዌርም ቁጭ ብለሽ የምትሠሪበትን ብቻ ጻፊ። እኔ አውቶካድና ስኬችአፕ አልኩ፤ እዚያው ላፕቶፕ አቀረቡልኝ። ሬቪት ብዬ ቢሆን ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ፖርትፎሊዮሽ (የሥራ ናሙናሽ) ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራውን የሬንደር ሥዕልና በእውነት የተሠራውን ለይተሽ ጻፊበት። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ እንዳትጨምሪ። ፒንተረስትን እነሱም ያዩታል።

ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። በፒዲኤፍ ይሁን፤ ዎርድ ስልኬ ላይ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይበታተናል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ፎቶ አንሥተሽ ጨምሪው፤ ቀኖቹን እናመሳክራለን። ቀን ሳይት ላይ ነኝ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው የምመልስልሽ።