ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው ቀን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ ጋዜጣ አብረን የሠራን ጡረተኞች በመስከረም ልንገናኝ ቀጠሮ ይዘናል። ለዕለቱ ከሰበሰብናቸው የዝግጅት ክፍል ፎቶዎች በአንዱ ጀርባ በእርሳስ «12/5/67» ተጽፏል። ግማሾቻችን በጃንሆይ ጊዜ የተነሣ ነው ስንል፣ ሌሎቹ በደርግ ነው ይላሉ። በምን እንለየው? (የቀድሞ አራሚ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን አይዳኛችሁም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 12 ቀን 1967 ነው። ጸሐፊው በፈረንጅ ቆጥሮ ከሆነ ሜይ 12 ነው፤ ይኸውም ግንቦት 4 ቀን 1959። ወር ማስቀደም የለመደ፣ አሜሪካ የተማረ ሰው ከሆነማ ዲሴምበር 5፣ ማለትም ኅዳር 25 ቀን 1960 ይሆናል። በእንግሊዝኛ ጋዜጣ በኩል ያለፈ ፎቶ የፈረንጁን ቀን ቢይዝ አይደንቅም።

ስለዚህ ከሰዎቹ ፊት በፊት ግድግዳውን እዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ሥዕላቸው ከዋና አዘጋጁ ወንበር በላይ ከታየ የጥር 12ቱ ግምት ወደቀ ማለት ነው። ምስማሩና ፍሬሙ የነበረበት ነጣ ያለ ቦታ ብቻ ከቀረ ደግሞ ወደ ጥር ያጋድላል። (ግድግዳ ሊቀባ ወርዶም ይሆናልና በዚህ ብቻ አትፍረዱ።) የጠረጴዛ ካላንደር ካለ ዕለቱን አንብቡ፤ ጥር 12 ሰኞ፣ ግንቦት 4 ዓርብ፣ ኅዳር 25 ማክሰኞ ነበር። የተዘረጋ አዲስ ዘመን ካለ ያንን ጥግ ብቻ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ስካን አድርጉ። ጋዜጣው በ1933 ስለተጀመረ ራስጌው ላይ «34ኛ ዓመት» የሚል ከተነበበ ክርክሩ አለቀ። «26ኛ» ቢል ግን ጠቋሚ ብቻ ነው፤ ዝግጅት ክፍል ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ መች ይጠፋል!

ጥያቄ፦ በፍሬም የነበረ የሠራተኞች የቡድን ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እንዴት ላላቅቀው?

መልስ፦ አይጎትቱት። የፎቶው ፊት ጄላቲን ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና እንደ ሙጫ ይይዛል። ሲጎትቱት ወረቀቱ ይመጣል፣ ፊቶቹ መስታወቱ ላይ ይቀራሉ። ከኋላ ያለውን ካርቶን ብቻ ያውጡና ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ ስካን ያስደርጉ፤ ፋይሉም ቲፍ (ጥራት የማይቀንሰው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ይሁን። መስታወቱ ላይ ውኃ አይርጩ፣ በረጠበ ጨርቅ ይወልውሉት እንጂ። ቀጫጭኖቹ ዘመናዊ ስካነሮች የሚያጠሩት ገጻቸው ላይ የተለጠፈውን ብቻ ስለሆነ የ2 ሚሊሜትር መስታወት መሐል ከገባ ያደበዝዙታል፤ ወፈር ያለውን የቆየ ዓይነት ይፈልጉ። ካጡ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ በካሜራ ፊት ለፊት ያንሡት፤ ነጸብራቁን ለማጥፋት ከካሜራው ኋላ ጥቁር ጨርቅ ይዘርጉ። «ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው» የሚል ምክር ይሰማሉ። በእጅ ቀለም የተቀባ ወይም ፊርማ ያለበት ከሆነ ግን ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የድሮ የሠራተኞች ፎቶ ለቀድሞ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ስልክላቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ የሰዎቹን ስም ይጽፋል፣ ስሞቹም ይጋጫሉ። ምን ላድርግ? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ መጀመሪያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ ቴሌግራም አሳንሶ ፊቶቹን ያደበዝዛል። ቅጂው ላይ እያንዳንዱን ራስ ቁጥር ይስጡ፤ «ከግራ ሦስተኛው» ሲባል የማን ግራ እንደሆነ ሁልጊዜ ያጣላል። ከዚያ በግሩፕ ሳይሆን ለየብቻ ይጠይቁ። ግሩፕ ላይ የመጀመሪያው ሰው የተናገረውን ሌላው ይከተላል፣ በተለይ ተናጋሪው የቀድሞ አለቃ ከሆነ። መልሱን «በእርግጥ» እና «ይመስለኛል» ብለው ለይተው ይያዙ። ሾፌሮቹንና ተላላኪዎቹን አይርሱ፤ ከአዘጋጆቹ ይልቅ ሁሉንም ክፍል ያዳረሱ እነሱ ናቸው። ስሙ ሲረጋገጥ ዋናው ፎቶ ጀርባ፣ ጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ 2ቢ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፉ። የእስክሪብቶ ጫና በፊት በኩል ይወጣል፣ ቀለሙም ላዩ ላይ ወደሚደራረበው ፎቶ ይተላለፋል።