ጫካ ውስጥ የተቀበሩት የምስጢር ሬዲዮ ምሽጎች፦ ጥያቄና መልስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ስለተሠሩት ድብቅ የሬዲዮ ምሽጎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል፤ ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እስቲ ከመሠረቱ ይጀምሩልን። ለምን ተሠሩ?

በፈረንጆቹ 1940 አጋማሽ ፈረንሳይ ወደቀች። ቀጣይዋ እንግሊዝ ናት ተባለ። ያኔ ኮሊን ገቢንስ የተባሉ መኮንን «ረዳት ክፍሎች» የሚል ስም የተሰጠው ድብቅ ጦር አቋቋሙ። ስሙ ሆን ተብሎ ነው ተራ የተደረገው። አንዱ ክንፍ ጠላት አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ድልድይና ነዳጅ የሚያፈነዳ ነበር። ሌላው ክንፍ መሣሪያ አያነሳም። ሥራው ማየት፣ መስማትና በሬዲዮ ማሳወቅ ነው። ሁለቱ ክንፎች እንዳይተዋወቁ ይደረግ ነበር። ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ ወሬው ከሰላዩ እስከ ጦሩ እንዴት ይደርስ ነበር?

ይሄ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ሰላዮቹ ሐኪም፣ ቄስ፣ ገበሬ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት ናቸው፤ በመንገድ ሲያልፉ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የሰፈር ሰዎች። ያዩትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው የተስማሙበት ቦታ ይደብቁታል። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ በተሰነጠቀ የቴኒስ ኳስ ውስጥ ይገባና ኳሱ በተቀበረ ቧንቧ ተንከባሎ ከታች ሬዲዮ ይዞ ለተቀመጠው ሰው ይደርሳል። ዴቨን ውስጥ አንዱ የሬዲዮ ክፍል የተሠራው ከውጭ ሽንት ቤት ሥር ነበር። ማን እዚያ ይፈትሻል?

ሬዲዮኛው መልእክቱን በድምፅ ይልካል። ተቀባዩ የጦሩ ዋና ጣቢያ ነው፤ ምሽጉም የእሱ ነው። በ1944 ወደ 30 ዋና ጣቢያዎችና ከ120 በላይ ላኪዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሴቶች ነበሩበት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እህቴ። ከዋና ጣቢያዎቹ ብዙዎቹን ያንቀሳቀሱት የጦሩ የሴቶች ክፍል ወጣት መኮንኖች ናቸው። አለቃቸው ቢያትሪስ ቴምፕል ነበሩ። ቃለ መጠይቁን ያደርጉላቸው የነበረው ለንደን፣ ሃሮድስ መደብር ውስጥ ነው። በአዘቦት ቀን ሴቶቹ የአየር ጠባይ መለኪያ በሚመስል ትንሽ ጎጆ ይሠራሉ። ወረራው ቢመጣ ግን ወደ ምሽጉ ወርደው መዝጋት ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ይህን አውቃ መፈረሟን ሳስብ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ውስጡ ምን ይመስላል?

በጠባብ ጉድጓድ መሰላል ይዘህ ትወርዳለህ። መጀመሪያ የምታገኘው ትንሽ ክፍል መደርደሪያ ያለው ተራ ዕቃ ቤት ይመስላል። ጠላት ቢደርስ «ባዶ መጋዘን ነው» ብሎ እንዲመለስ ነው። የተደበቀውን ማስለቀቂያ የሚያውቅ ሰው ግን መደርደሪያውን እንደ በር ይከፍተዋል፤ ከኋላው የሬዲዮ ክፍሉ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ጄኔሬተሩ፣ ከእሱም ወደ ጫካው የሚያወጣ ማምለጫ ቧንቧ። የአንቴናው ሽቦ በዛፍ ግንድ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ይቀበርና ላዩ ቅርፊት እንዲመስል ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው እስከ ቅርብ ጊዜ ያልሰማነው?

ምስጢር ለመጠበቅ በሕግ ፈርመዋል። በ1944 ክፍሉ ሲበተንም ዝም በሉ ተባሉ። ብዙዎቹ ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ሳይናገሩ አለፉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ሁሉም ታድሶ ለሕዝብ አይከፈትም?

ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ እቃወማለሁ። ሰዎቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ወረቀቱም በጣም ትንሽ ነው። የቀረው ማስረጃ ግድግዳው ነው፦ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ፣ የመደርደሪያው ማጠፊያ፣ የባትሪ አሲድ የበላው ወለል። ቀለም ቀብተህ፣ መብራት ዘርግተህ ስታሳምረው ይህ ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መመዝገብ ነው። የድብቁ ጦር ማሠልጠኛ በነበረው በኮልስሂል ስም የተሰየመው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ይህን በትጋት እየሠራ ነው።

ችግሩ ቀላል አይደለም። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ሥር ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል፣ ውኃ ይገባል። ብዙዎቹ በግል መሬት ላይ ናቸው። የሌሊት ወፎች ሰፍረውበት ከሆነ ደግሞ እነሱን መረበሽ እዚያ አገር ወንጀል ነው። የውስጡ አየር ሊገድል ስለሚችል ጉድጓድ ያገኘ ሰው ዘሎ እንዳይገባ አደራ። ባለመሬቱን ያናግር።

ጥያቄ፦ ሱፎልክ ነው የምኖረው። ልጆቼን የት ልውሰድ?

እድለኛ ነህ። ፓርሃም የሚገኘው የድሮ አየር ማረፊያ ውስጥ ለዚሁ ድብቅ ጦር የተሰጠ ሙዚየም አለ፤ በአምሳያ የተሠራ ምሽግም ታያላችሁ። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመህ አጣራ።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል?

አለ። ገቢንስ የወጡበት የለንደን የጦር ምርምር ቢሮ ካይሮ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። ኮሎኔል ሳንድፎርድን በፈረንጆቹ ነሐሴ 1940 ከአርበኞቻችን ጋር እንዲሠሩ ወደ ጎጃም የላከው እሱ ነው፤ «ሚሽን 101» የሚባለው።

ጥያቄ፦ ሬዲዮው ራሱ የት ይታያል?

የትም። «ቲ አር ዲ» የሚባለው ያ መሣሪያ ክፍሉ ሲበተን ተሰብስቦ ጠፋ፤ እስካሁን የተረፈ አንድም አልተገኘም። ዛሬ የሚታዩት በአስታዋሾች ቃል የተሠሩ አምሳያዎች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ የአሮጌ ቤት ጽዳት ላይ የምትሠሩ ወገኖች፣ ምልክት የሌለው የብረት ሳጥን ከነባትሪ ገመዱ ካያችሁ ከመጣሉ በፊት ፎቶ አንሱና ለአንድ ሙዚየም አሳዩ።