ለአስትሮፊዚክስ ጀማሪዎች፦ ያሰራችሁትን ነገር ፍቱት

ስለ ዳርክ ማተር፣ ማለትም በስበቱ ብቻ ስለምናውቀው የማይታይ ቁስ፣ ስትጠይቁኝ አብዛኞቻችሁ «ለመሆኑ ምንድን ነው?» ትላላችሁ። የሚያውቅ ሰው እስካሁን የለም። እኔ በእናንተ ዕድሜ ብሆን ሌላ ጥያቄ ነበር የማሳድደው፤ ይህ የማይታይ ነገር የሚታየውን ጋላክሲ እንዴት አድርጎ መልክ ይሰጠዋል?

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1970 የጎረቤታችንን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ አዟዟር ለክተው አሳተሙ። ከመሃል ርቀው የሚዞሩት የጋዝ ደመናዎች ፍጥነታቸው እንደተጠበቀው አልወረደም፤ ከሚታየው ሌላ የሚስባቸው ነገር ያለ ይመስላል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ የማይወራለት የሚቀጥለው ነው።

በ1973 ኦስትራይከርና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዋክብትን በሚወክሉ ጥቂት መቶ ነጥቦች ብቻ አንድ ጠፍጣፋ የጋላክሲ ዲስክ በኮምፒውተር አስመሰሉ። ዲስኩ አልረጋ አለ፤ ብዙም ሳይዞር ከዋክብቱ መሃል ላይ ተሰብስበው ዘንግ ሠሩ፤ ባር የምንለው ማለት ነው። ዙሪያውን ከባድ ሃሎ፣ ማለትም ዲስኩን የሚከብ የማይታይ ቁስ፣ ሲጨምሩበት ግን ረጋ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሃሎ የባር ጠላት ተደርጎ ተቆጠረ።

ነገር ግን ሃሎው በብዙዎቹ ስሌቶች ውስጥ የሚገባው ታስሮ ነበር፤ ይስባል እንጂ እሱ ራሱ አይነቃነቅም። አልፈርድባቸውም፤ የያኔው ኮምፒውተር ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። በ2002 ማርሴይ የምትሠራው ሊያ አታናሱላ ሃሎውን እንደ ዲስኩ በሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች ስትሠራው ውጤቱ ተገለበጠ። ሃሎው ባሩ ቶሎ እንዳይፈጠር ያዘገያል፤ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ግን አንጉላር ሞመንተሙን (የመዞር እንቅስቃሴውን መጠን) እየወሰደለት ያጠነክረዋል። ባሩ ይረዝማል፣ አዟዟሩም ይዘገያል። ጠላት ሲባል የኖረው ሃሎ የባሩ ተበዳሪ ሆኖ ተገኘ። የእኛው ሚልኪ ዌይም ባር አለው፤ ክብደቱ በአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ ገደማ በሚገመት ሃሎ ውስጥ ተቀምጦ።

ስለዚህ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታነቡ ከውጤቱ በፊት የትኛው ነገር እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ እንደተያዘ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማንም በማያነበው የዘዴ ክፍል ውስጥ ነው።

ቴሌስኮፕ የለንም ብላችሁ አትቀመጡ። የከዋክብትን ቦታና እንቅስቃሴ የለካው የጋያ ሳተላይት መረጃ ለማንም ክፍት ነው። የ1973ቱንም ሙከራ ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል። ኮዱን ራሳችሁ ጻፉት፤ ከሰው አትቅዱ። መጀመሪያ ዲስኩን ብቻውን ልቀቁት፣ ቀጥሎ የታሰረ ሃሎ ጨምሩበት፣ በመጨረሻ ሃሎውን ፍቱት። ስትፈቱት ግን ቅንጣቶቹን አብዙ፤ ካነሱ የምታዩት የስሌቱን ጫጫታ እንጂ ፊዚክሱን አይደለም።