የአንባቢ ጥያቄ፦ ልጄን የቱ ኦ ክፍል ላስገባት?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምኖረው ገጠር ወረዳ ነው፣ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ቅርባችን ያለው የመንግስት ትምህርት ቤት ኦ ክፍሉ (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) ታጭቋል፣ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደው ግን ሰፊ ግቢ አለው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ እኔ ብሆን ቅርቡን ነው የምመርጠው፣ በእሷ እግር በየቀኑ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት በጣም ብዙ ነው፣ ዝናብ ሲጥልማ መቅረቷ አይቀርም። ግን መጀመሪያ ሁለቱም ጋ ሄደሽ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ እዪ፣ ፊደል ማስጮህ ብቻ ነው ወይስ ተረትና ጨዋታም አለ፣ መምህሯስ ህጻናት ለማስተማር የሰለጠነች ናት ወይስ ከሌላ ክፍል ተመድባ ነው የመጣችው፣ ይሄ ከግቢው ስፋት ይበልጣል በጣም። ሽንት ቤቱንም እዪ እባክሽ። በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት ስለሆነና በ5 ዓመት ስለሚጀመር ትንሽ ናት ቢሉሽ ይሄን ንገሪያቸው።