ፒኩ ላይ «ጃዝ» ተጽፏል፤ ድምፁ ግን የሚወጋ ሆነብኝ

የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ዓምድ

ጥያቄ፦ በኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር ወጣት ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ባንድ ውስጥ ሪትም ጊታር ስመታ ቆይቻለሁ፤ የምይዘውም ፒክ፣ ማለትም ክሩን የምመታባት ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ስስ ነበር። አሁን ጃዝ ለመማር ቆርጬ ስለ ተነሣሁ፣ ወደ ከተማ ገብቼ ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ «ጃዝ 3» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቀይ ፒክ ገዛሁ። ሻጩ የጃዝ ሰዎች ሁሉ የሚይዙት እርሷን ነው ብሎኝ ነበር። የጠበቅሁት ወፍራምና የረጋ ድምፅ ቀርቶ የሰማሁት ግን ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ነው። ፒኳ ተመሳስላ የተሠራች ትሆን? ሌላ እንዳልገዛ ሱቁ ሩቅ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ ከአሮጌ የባንክ ካርድ ቆርጠህ ሥራ ይለኛል።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ፒኳን ሳላይ እውነተኛ ናት ወይም አይደለችም ብዬ መመስከር አልችልም፤ ነገር ግን እውነተኛዋም ብትሆን ይህንኑ ድምፅ ትሰጥዎት ነበር። ያሳሳተዎት ስሟ ነው። ደንሎፕ የተባለው ኩባንያ በዚህ ስም የሚያወጣቸው ትንንሽ የናይሎን ፒኮች ሦስት ዐይነት ሲሆኑ፣ የጃዝ 1 ጫፍ ክብ፣ የጃዝ 2 መካከለኛ፣ የጃዝ 3 ደግሞ ሹል ነው። ከሦስቱ ስሟ የገነነው ሦስተኛዋ ናት፤ ካገነኗት መካከል ግን ፍጥነትና ጥራት ያለው ሶሎ የሚፈልጉ የሮክና የሜታል ጊታሪስቶች ብዙዎች ናቸው። በጃዝም የሚወዷት አሉ፤ ይሁንና እርስዎ የተመኙትን ድምፅ ለማግኘት የሚቀርበው ጫፍ የመጀመሪያዋ ነበር።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ፒኳን አዙረው ይያዙና ሹሉን ጫፍ ወደ መዳፍዎ አድርገው፣ ክብ በሆነው ትከሻዋ ክሩን ይምቱ። ይህ የድሃ መላ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ፓት ሜቲኒ ራሱ የፒኩን ክብ ጠርዝ ወደ ክሩ አድርጎ በመጫወት ይታወቃል። ልዩነቱን ወዲያው የሚሰሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሹል ጫፍ ክሩን በጠባብ ነጥብ ይዞ ድንገት ስለሚለቀው በድምፁ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ንዝረቶች ጎልተው ይወጣሉ፤ ክብ ጫፍ ግን ክሩ በላዩ ላይ እየተንከባለለ እንዲወርድ ስለሚያደርግ ዋናው ድምፅ ይጎላል፣ ስለቱም ይለዝባል። ለውጡ ካስደሰተዎት የሹሉን ጫፍ አናት በጥፍር ሞረድ ጥቂት ጥቂት እየፋቁ፣ በየመሐሉም እየተጫወቱ እያዳመጡ ማደብዘዝ ይችላሉ። ሲጨርሱ ጠርዙን በጂንስ ጨርቅ በደንብ ይወልውሉት፤ የሻከረ ጠርዝ በተጠመጠሙት ወፍራም ክሮች ላይ የመፋቅ ድምፅ ያወጣል።

ውፍረትን በተመለከተ ሻጩ አልተሳሳተም። እውነተኛዋ ጃዝ 3 የ1.38 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት፤ በሠርግ ላይ ሲይዙት የነበረው እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ፒክ ግን ምናልባት ከ0.60 ያነሰ ነው። ስስ ፒክ ክሩን ሲነካ በመጀመሪያ ራሱ ይታጠፋል፣ ከዚያም ተፈናጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ የክሩ ድምፅ እጅዎ ካሰበበት ቅጽበት ጥቂት ዘግይቶ ይወጣል፤ ከእርሱም በፊት «ጭክ» የሚል የፕላስቲክ ድምፅ ይሰማል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ጠንከር አድርገው ቢመቱም ለስለስ አድርገው ቢመቱም ፒኩ ልዩነቱን በመታጠፍ ስለሚውጠው፣ የሚወጣው የድምፅ መጠን ተቀራራቢ ይሆናል። በጃዝ ሶሎ ውስጥ አንዱን ድምፅ አጉልቶ ቀጣዩን እንደ ሹክሹክታ ማለፍ የንግግሩ ግማሽ ነውና፣ የማይታጠፍ ፒክ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያለው ለጀማሪ ይበቃል። 2 እና 3 ሚሊ ሜትር የሚይዙም አሉ፤ እኔ ግን ከስስ ፒክ ለመጣ እጅ ወዲያው አልመክረውም።

ወደ ባንክ ካርዱ ስንመጣ፣ ካርድ በዓለም አቀፍ መለኪያ 0.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ስለሚሠራ፣ የሚወጣልዎት መካከለኛ ፒክ ነው። ለጃዝ ሶሎ ትንሽ ይሳሳል፤ ካርዱም ለስላሳ ፕላስቲክ በመሆኑ ጫፉ ቶሎ ይበላል። ሁለት ቁራጭ በጠንካራ ማጣበቂያ አጣብቀው ጫፉን ቢያከብቡት 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ተጣጣፊነቱም በእጅጉ ይቀንሳል። ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ውፍረቱ ያልተጻፈበት ፒክ ሱቅ ውስጥ ሲያጋጥምዎት ካርድዎን አጠገቡ አድርገው በጣትዎ ቢያነጻጽሩ፣ መለኪያ መሣሪያ ሳይፈልጉ ከ0.76 መብለጥና ማነሱን ያውቃሉ። (ገንዘብ የሚያወጡበትን ካርድ ግን እንዳይቆርጡት አደራ።)

ከፒኩ አስቀድመው መፈተሽ የሚገባዎት ነገር ደግሞ አለ። ጊታርዎ ኤሌክትሪክ ከሆነ በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከውን ክፍል) ይምረጡ፤ የቶን መቆጣጠሪያውን ወደ ግማሽ ይቀንሱ፤ የሚመቱበትንም ቦታ ከብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት ድልድይ) አርቀው ወደ አንገቱ ያስጠጉ። የሠርግ ባንድ ጊታሪስት ከኪቦርድና ከከበሮ በላይ ለመሰማት ሲል ወደ ብሪጁ ተጠግቶ የመምታት ልማድ ያዳብራል፤ ይህ ልማድ ሳይታወቅዎ ተከትሎዎት ከሆነ የፒኳ ጥፋት ያሉት ነገር ግማሹ የእርሱ ነው። አቅም ሲፈቅድ ፍላትዋውንድ የሚባሉትን ለስላሳ ጥምጥም ያላቸውን ክሮች ቢያስገቡ ለውጡ ከማንኛውም ፒክ የበለጠ ይሆናል።

የጃዝ ሰዎች ሁሉ አንድ ፒክ ይይዛሉ መባሉን ደግሞ ታላላቆቹ ራሳቸው አያረጋግጡትም። ቀደምቱ የአውሮፓ ጃዝ ጊታሪስት ጃንጎ ራይንሃርት ያለ አምፕሊፋየር በሚጫወትበት ዘመን ለመሰማት ወፍራምና ጠንካራ ፒክ ይዞ፣ ፒኩ አንዱን ክር መትቶ በቀጣዩ ላይ እስኪያርፍ በኃይል ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የክላርኔት ተጫዋቹን የቤኒ ጉድማንን የጃዝ ባንድ የተቀላቀለው ጊታሪስት ቻርሊ ክርስቲያን፣ አምፕሊፋየር ስለ ነበረው ያን ያህል ኃይል ሳያስፈልገው በአብዛኛው ወደ ታች እየመታ ተጫወተ። ሌላው አሜሪካዊ የጃዝ ጊታሪስት ዌስ ሞንትጎመሪ ደግሞ ፒኩን ጨርሶ ተወው፤ ቀን ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ማታ ሲለማመድ ጎረቤቶቹን ላለመረበሽ በአውራ ጣቱ ሥጋ መምታት እንደ ጀመረና በዚያው እንደ ጸና ይነገራል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉና፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የአውራ ጣትዎን መላ እንዲሞክሩ እመክራለሁ። ጆሮዎ የሚፈልገውን ለስላሳ ድምፅ ከዚያ ከለመደ፣ ቀን ላይ ፒክ ሲይዙ የሚያነጻጽሩበት መለኪያ ይኖርዎታል።

የቀድሞውን ስስ ፒክም አይጣሉት። ሙላቱ አስታጥቄ የሀገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደበትን ኢትዮ ጃዝ መጫወት ከፈለጉ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል። በችክችካ ምት ላይ ኮርድ እያከታተሉ ለረጅም ጊዜ ላይና ታች ሲመቱ ስስ ፒክ እጅ አያደክምም፤ የኮርዱም ድምፅ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ሳይጋፋ ይቀመጣል። ትዝታን ወይም ባቲን በሶሎ ሲጫወቱ ግን፣ ዜማው በአንድ ምት ላይ በግራ እጅ ጣቶች የሚጨመሩ ብዙ ማስጌጫዎች ስላሉት፣ ያ አንድ ምት ሙሉና ረጅም መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ወፍራሙና ክብ ጫፍ ያለው ያሸንፋል።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው የምጽፈው። በገና እደረድራለሁ፤ ለግርፍ የምጠቀምበት መግረፊያ ከቀንድ የተሠራ ነው። ጊታርም ስለምሞክር፣ የበሬ ቀንድ ለጊታር ፒክ ይሆናል?

መልስ፦ በሚገባ ይሆናል። በቀድሞ ዘመን የተመረጡት ፒኮች ይሠሩበት የነበረው የባሕር ኤሊ ቅርፊትና የከብት ቀንድ በተፈጥሮ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም የተሠሩት ጥፍራችን ከተሠራበት ኬራቲን ነው። የኤሊው ቅርፊት ዓለም አቀፍ ንግድ ኤሊዎቹ እንዳይጠፉ ሲባል የተከለከለ በመሆኑ፣ ቀንድ ዛሬ ከተፈጥሯዊ ምትኮቹ አንዱ ነው።

ሲሠሩ የቀንዱን ስስ ግድግዳ ይምረጡ፤ ጎባጣ ከሆነ በፈላ ውኃ አለስልሰው በሁለት ሰሌዳ መካከል ተጭነው ያቅኑት። የፒኩ ጫፍ በቀንዱ ርዝመት አቅጣጫ እንዲያርፍ አድርገው ይቁረጡ፤ የቀንድ ጭረቶች የሚሄዱት በርዝመቱ ስለሆነ በአግድም የተቆረጠ ጫፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከዚያም እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሞርዱትና ከሻካራ ወደ ለስላሳ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱት። ሲሞረድ ሽታው ስለሚያስቸግር ደጅ ላይ፣ አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ይሻላል። ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አልፎ አልፎ ዘይት ይቀቡት። የበገናውን መግረፊያ ራሱን ግን ለጊታር አያውሉት። ለመንፈሳዊ መሣሪያ ከሚገባው አክብሮት ሌላ፣ መጠኑ ለጊታር ክሮች የተሠራ ስላልሆነ ከእጅዎ ጋር ይታገላል።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ። ወፍራም ፒክ ስይዝ በላብ ምክንያት እየዞረ ከጣቴ ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አጥብቀው አይያዙት። ሲጨብጡት አንጓዎ ይደርቃል፣ ላቡም ይብሳል። የሚይዙበትን ገጽ በመርፌ ጫፍ መስቀለኛ አድርገው ይጫጫሩት፣ ወይም ፊደሉ ከፍ ብሎ የታተመበትን የናይሎን ፒክ ይምረጡ። ከአውራ ጣትዎ ውጭ የሚታየው ጫፍ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥም ይጠንቀቁ፤ ብዙ የወጣ ጫፍ ክሩ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ፒኩን የሚያዞረው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።